የዋጋ ንረቱ ከግማሽ በታች ወርዶ ሳለ የወር ወጪያችን ለምን ጨመረ?

ዘርፍ፦ ኢኮኖሚና ኑሮ

የጎሮዋ | ነሐሴ 20 ቀን 2017

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች፤

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሐምሌ ወር አጠቃላይ የዋጋ ንረት 13.7 በመቶ መሆኑን አስታውቋል። ይኸው ቁጥር በሰኔ 2015 ላይ 29.3 በመቶ፣ በሰኔ 2016 ላይ ደግሞ 19.9 በመቶ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዷል ማለት ነው፤ ዜናውም በየጣቢያው እንደ ምሥራች ሲነገር ሰንብቷል።

እኔ የቤቴን ወጪ በደብተር የምይዝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ሁለት ልጆችና እኔ ሆነን በሐምሌ 2016 ያወጣነው 21,400 ብር ነበር፤ ዘንድሮ በሐምሌ 26,900 ብር ሆነ። በስሌት ሩብ ያህል ጨምሯል። የምንበላው ነገር አልተለወጠም፤ እንዲያውም ሥጋ ቀንሰናል። ጤፉን በጥር አንድ ኩንታል ሰርገኛ ገዝተን ስላስቀመጥን በዓመቱ ውስጥ ያን ያህል አልጎዳንም። ጭማሪው የመጣው ከቤት ኪራይ፣ ከልጆቹ ሰርቪስ፣ ከእናቴ የደም ግፊት መድኃኒትና ከመብራት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የስታቲስቲክሱ ቁጥር ትክክል ከሆነ የእኔ ቤት ለምን ከአገሩ ተለየ? ለፖለቲካ ክርክር ሳይሆን ነገሩ እንዲገባኝ ነው የምጠይቀው።

ሚዛን | ነሐሴ 20 ቀን 2017

እህቴ፣ ደብተርዎን እመኑ፤ የአገልግሎቱንም ቁጥር አይጣሉ። ሁለቱ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው።

በመጀመሪያ 13.7 በመቶ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ዋጋው ከአምናው ሐምሌ በላይ በ13.7 በመቶ ወጣ፣ ነገር ግን አምና ከወጣበት ፍጥነት ቀስ አለ ማለት ነው። ፍጥነቱ ቢቀንስም ቀደም ሲል የወጣው እንደወጣ ይቀራል። ይህን በአንድ ዓመት ብቻ ማየት ያሳስታል፤ እስቲ በሰኔ 2013 በ100 ብር ይገዛ የነበረውን አስቤዛ እንከተለው። በሰኔ 2014 ንረቱ 34 በመቶ ስለነበር 134 ብር ሆነ። በሰኔ 2015 በ29.3 በመቶ ጨምሮ 173 ብር ገደማ፣ በሰኔ 2016 በ19.9 በመቶ ጨምሮ 208 ብር ገደማ ደረሰ። የዘንድሮው ሰኔ 13.9 በመቶ ሲጨመርበት ያው አስቤዛ 237 ብር ገደማ ይጠይቃል። ልብ ይበሉ፦ የንረቱ ቁጥር በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እየወረደ ነው፣ ዋጋው ግን አንድም ዓመት አልወረደም። ከ100 ወደ 134 ሲወጣ 34 ብር ጨመረ፤ ከ208 ወደ 237 ሲወጣም 29 ብር ጨመረ። ከኪስ የሚወጣው ተጨማሪ ብር ያን ያህል አልቀነሰም፤ በመቶኛ ሲታይ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል።

ሁለተኛው የቅርጫቱ፣ ማለትም ንረቱ ሲለካ የሚቆጠሩት ዕቃዎችና የእያንዳንዳቸው ድርሻ ጉዳይ ነው። አገልግሎቱ በሚጠቀምበትና ታኅሣሥ 2009ን መነሻው ባደረገው የዋጋ ማውጫ ውስጥ የምግብ ነክ ዕቃዎች ድርሻ 54 በመቶ ገደማ ነው። ይህ የአገሪቱን ቤተሰቦች ሁሉ፣ የገጠሩንም የከተማውንም፣ የወጪ አከፋፈል በአማካይ ለመወከል የታሰበ ነው። እርስዎ ከዘረዘሩት ስገምት በቤትዎ የምግብ ድርሻ ከዚያ በጣም ያነሰ ይመስለኛል። በ2017 ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ከአጠቃላዩ በታች የወረደው የምግብ ነክ ዋጋ ንረት ሲሆን፣ ምግብ ነክ ያልሆነው ከአጠቃላዩ በላይ ቆይቷል። ስለዚህ ወጪው ለኪራይ፣ ለትራንስፖርት፣ ለመድኃኒትና ለትምህርት ያደላ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ከአማካዩ በላይ መመታቱ የሚጠበቅ ነው። መብራቱን ካነሱ፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ ለአራት ዓመታት እንዲቀጥል ተወስኗል፤ ያ መስመር በደብተርዎ ላይ ገና ይቀጥላል።

የድሮው መምህር | ነሐሴ 21 ቀን 2017

የሚዛን ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በጡረታ የሚኖር ሰው በመቶኛ አይበላም። ለልጆቼ ብዬ በቁጠባ ያስቀመጥኩት ገንዘብ አለ፤ ባንኩ በዓመት 7 በመቶ ይከፍለኛል። ከላይ በተቀመጠው ስሌት በሰኔ 2013 ያስቀመጥኩት 100 ብር ከነወለዱ ዛሬ 131 ብር ሆኗል፤ ዕቃው ግን 237 ብር ነው። ሳልሰረቅ ግማሽ የሚጠጋው ሄዷል።

እኔ እንደማየው ችግሩ ነጋዴው ነው። ዶላር ጨመረ ሲባል በመጋዘኑ ያለውን የአምና ዕቃ በዛሬ ዋጋ ይሸጣል፤ ዶላር ሲረጋጋ ግን ዋጋውን አይመልስም። መንግሥት ለዋና ዋና የፍጆታ ዕቃዎች ጣሪያ ዋጋ ቢያወጣና የሚጥሰውን ቢቀጣ ምን ይከለክለዋል?

እህል በረንዳ | ነሐሴ 21 ቀን 2017

መምህር፣ በአክብሮት ልመልስ፤ ነጋዴ ነኝና።

ጤፍ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸናና ከደጀን አካባቢ አስመጣለሁ። ገበሬው ጓሮ ያለው ዋጋና እናንተ በችርቻሮ የምትከፍሉት የተለያየ ነው፤ በመካከል ያለውን እስቲ ልዘርዝር። ገበሬው በሰኔና በሐምሌ የሚገዛው ማዳበሪያ ዋጋ ስለጨመረበት በአምናው ዋጋ አይሸጥም። የአካባቢው ሰብሳቢ አለ፤ ደላላ አለ፤ ጫኝና አውራጅ በየጆንያው ይከፈለዋል። የአይሱዙው ባለቤት ሂሳቡን የሚሠራው በናፍጣ ነው። ነጭ ናፍጣ በመስከረም 2017 መጨረሻ ከ83.74 ወደ 90.28 ብር ወጣ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ 98.98 ብር ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ጨምሯል። በዚህ ላይ መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ሳምንት ሹፌሩ ወይ አይወጣም፣ ወይ እጥፍ ይጠይቃል። መኪናው ሦስት ቀን ቆሞ ሲመጣ ዋጋው ውስጥ ያ ሦስት ቀን አለ።

የአምናውን ዕቃ በዛሬ ዋጋ ትሸጣለህ ላሉኝ፦ እውነት ነው፣ እሸጣለሁ። ምክንያቱም በሸጥኩበት ብር ነገ መልሼ ያንኑ ያህል ኩንታል መግዛት አለብኝ። በአሮጌው ዋጋ ብሸጥ በሚቀጥለው ዙር ሃምሳ ኩንታል የጫነው መኪና አርባ ይዞ ይመጣል። ሲረጋጋ የማይመልስ ነጋዴ የለም ግን አልልም፤ ዘይትና ስኳር ላይ ጥቂት ሰዎች የያዙት ገበያ አለ፤ እህል ላይ ግን ሻጩ ብዙ ስለሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ አዲሱ ምርት ሲገባ ዋጋው ሲወርድ ራሳችሁ ታያላችሁ።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች በዓመት ብድራቸውን ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ብሔራዊ ባንክ ገድቦ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም ገደቡ አልተነሣም። ለእኔ ያለው ትርጉም ይህ ነው፦ ቅርንጫፉ ስሄድ “ጣሪያው ሞልቷል” ይለኛል። ስለዚህ ጤፍ ገዝቼ ለክረምት የማከማችበት ገንዘብ የለኝም፤ የሳምንቱን ገዝቼ የሳምንቱን እሸጣለሁ። ለሸማቹ ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ምናልባት ክምችቱን ቀንሷል። እኔን ግን ከግለሰብ በከባድ ወለድ እንድበደር አድርጎኛል፤ ያም ወለድ ተመልሶ ጤፉ ላይ ይወጣል።

ዘነበወርቅ | ነሐሴ 21 ቀን 2017

የጣሪያ ዋጋ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ሥጋና ቢራን ጨምሮ በበርካታ ዕቃዎች ላይ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። ያኔ የነበርን እናስታውሳለን፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ደስ አለው፣ ከዚያ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፣ ከዚያ በጓሮ በር በሌላ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። ዓመቱ ሳያልቅ አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ። በዚያው ዓመት በነሐሴ የዋጋ ንረቱ ከ40 በመቶ በላይ ነበር።

የድሮው መምህር | ነሐሴ 21 ቀን 2017

አስታውሳለሁ፤ ስኳር በቀበሌ ወረፋ እንገዛ ነበር። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜው ጣሪያ የወደቀው አቅርቦት ሳይዘጋጅ ስለወጣ ነው። የእሁድ ገበያና የሸማቾች ማኅበራት አሁን አሉ፤ በእነሱ በኩል በቂ ምርት ቢገባ ጣሪያ ሳያስፈልግ ዋጋ መያዝ ይቻላል። እህል በረንዳ ያሉን ስለ ዘይትና ስኳር ትክክል ነው፤ ቁጥጥሩም ሱቅ ከማሸግ ይልቅ እነዚያን ጥቂት አስመጪዎች ቢመለከት ይሻላል።

የቢሮ ሰው | ነሐሴ 22 ቀን 2017

ስለ ደመወዝ የተናገረ ስለሌለ ልጨምር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል በተባለው አዲስ የደመወዝ ስኬል የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ያድጋል። ሰው “በእጥፍ ሊጠጋ ጨመረ” ይላል፤ ነገር ግን መነሻውን ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ በፊት የነበረው ስኬል በ2011 መጨረሻ የወጣ ሲሆን እስከ 2017 መጀመሪያ አልተነካም። ከፍተኛው ያኔ 20,468 ብር ነበር። ይህ ሰው በመስከረም 39,000 ብር ሲከፈለው ደመወዙ 1.9 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሚዛን ባቀረበው ስሌት ደግሞ ዋጋ ከሰኔ 2013 ወዲህ ብቻ ወደ 2.4 እጥፍ ተጠግቷል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ዓመታት አልተቆጠሩም። ስለዚህ ከአዲሱ ጭማሪ በኋላም ቢሆን ከ2011 ያነሰ ነው የሚገዛው። በአንጻሩ ዝቅተኛው ያኔ 1,100 ብር ስለነበር 6,000 ሲገባ ከአምስት እጥፍ በላይ አድጓል፤ እሱ ዋጋውን ቀድሟል። መነሻው ግን በጣም ትንሽ ነበር፤ በ1,100 ብር ምን ሲገዛ እንደኖረ እግዚአብሔር ይወቀው። በመካከል ያለው፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለው ባለሙያ ነው የተጎዳው። በእኛ ክፍል የሦስት ልጆች አባት የሆነ መሐንዲስ ከሥራ ሰዓት በኋላ ራይድ ያሽከረክራል፤ ማታ የደረሰበትን ድካም ጠዋት ጠረጴዛው ላይ እናየዋለን።

የገቢ ግብር ላይ ከግብር ነጻ የሆነው መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን 600 ብር ለዓመታት ሳይነካ በመቆየቱ፣ ደመወዝ በስም ሲያድግ ሰው በእውነት ሀብታም ሳይሆን ወደ ላይኛው የግብር እርከን ሲገፋ ኖሯል።

አንድ ጥያቄ ለሚዛን፦ ይህ ሁሉ ደመወዝ ሲለቀቅ ንረቱን መልሶ አያስነሣውም?

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ነሐሴ 22 ቀን 2017

እኔ ከአሜሪካ ነኝ። ደሴ ላለችው እናቴ በየወሩ 200 ዶላር እልካለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ባንኩ ዶላሩን በ57 ብር ከሃምሳ ገደማ ነበር የሚመነዝረው፤ በዚህ ሂሳብ 11,500 ብር ይደርሳት ነበር። አሁን በ135 ብር ገደማ ስለሚመነዘር 27,000 ብር ነው። እዚህ ያለው ወገን ሁሉ “ቤተሰቦቻችን ተጠቀሙ” ይላል። እናቴ ግን በስልክ “ልጄ፣ ከአምናው ምንም የተሻለ ነገር የለም” ትለኛለች። ምን ሆኖ ነው?

ሚዛን | ነሐሴ 22 ቀን 2017

የሁለታችሁንም ልመልስ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉት ጥያቄ ብዙ ነገር ስለሚያብራራ ከእሱ እጀምራለሁ።

ከሐምሌ 2016 በፊት ብዙ ሰው ዶላር የሚልከው በባንክ አልነበረም፤ በጥቁር ገበያ ነበር፤ በዚያም ምንዛሪው ከ110 ብር በላይ ደርሶ ነበር። እናትዎ በዚያ መንገድ ከተቀበሉ ቀድሞም ይደርሳቸው የነበረው ወደ 23,000 ብር ይጠጋል። ከ23,000 ወደ 27,000 መድረስ 17 በመቶ ያህል ጭማሪ ነው፤ ከዓመቱ የዋጋ ንረት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ “ምንም የተሻለ ነገር የለም” ማለታቸው በሂሳብም ትክክል ነው። በእርግጥ ቀድሞም በባንክ ይልኩ ከነበረ ነገሩ ይለያል፤ ያን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

የብር ዋጋ ከግማሽ በታች ሲወርድ የገበያ ዋጋ በእጥፍ ያልዘለለበትም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ስልክ፣ ጨርቅ፣ መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴ ዶላሩን ቀድሞም በ57 ብር አላገኘውም፤ ዕቃውን የሚሸጠው በጥቁር ገበያው ዋጋ አስቦ ነበር። በይፋዊው ምንዛሪ ይገቡ የነበሩት በተለይ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የምግብ ዘይት ነበሩ፤ ለእነዚህ መንግሥት ድጎማ መድቦ ጭማሪው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወራቱ ተከፋፍሎ እንዲወርድ አደረገ። የናፍጣው ዋጋ በደረጃ የሚወጣው፣ የጎሮዋ እናት መድኃኒትም የጨመረው ለዚህ ነው። በሌላ አነጋገር ለውጡ ያስከተለው ጭማሪ አልቀረም፤ ተከፋፍሎ እየመጣ ነው።

በዚህ ላይ የገንዘብ ፖሊሲው ጠበቅ ብሏል። የብድር ገደቡን እህል በረንዳ ገልጸውታል። ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር ሲበዳደር መነሻ የሚያደርገውን 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን አስተዋውቋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ለመንግሥት በቀጥታ ያበድር የነበረውን በ2017 በጀት ዓመት አቁሟል። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተፈረመው የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራምም ይህንኑ ይጠይቃል። እኔ እንደማምነው ቁጥሩን ያወረደው ሱቅ ማሸጉና ዘመቻው ሳይሆን ይህ ነው፤ በግንቦት 2014 ንረቱ 37.2 በመቶ በደረሰ ጊዜም ሱቅ ይታሸግ ነበርና።

የቢሮ ሰው ለጠየቁት መልሱ ከዚህ ይከተላል። ደመወዙ ከግብር በተሰበሰበ ገንዘብ ከተከፈለ፣ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው የገባ ነው፤ ዋጋ ላይ የሚያሳድረው ጫና ውስን ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት ወደ ቀጥታ ብድር ከተመለሰ ግን አዲስ ገንዘብ ወደ ገበያ ስለሚገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ላይ እናየዋለን። ስለዚህ መከታተል ያለብን የደመወዙን መጠን ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበትን ምንጭ ነው። ኪራይ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ደመወዝ ተጨመረ በተባለ ማግሥት አከራይ በር ያንኳኳል።

የጎሮዋ | ነሐሴ 23 ቀን 2017

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚዛንን ምክር ተከትዬ ደብተሬን በሁለት ከፍዬ ሠራሁት። የምግብ ወጪያችን በዓመቱ 11 በመቶ ያህል ነው የጨመረው፤ ከምግብ ውጭ ያለው ግን ከ30 በመቶ በላይ። ከሁሉ የበለጠው ኪራዩ ነው፤ ከ8,000 ወደ 11,000 ብር ወጣብን። በሚቀጥለው ወር የሚወጣውን መረጃ ሳነብ ምኑን ልመልከት? ስለ ኪራዩስ የሚባል ነገር አለ?

ሚዛን | ነሐሴ 23 ቀን 2017

መረጃው ሲወጣ ሦስት ቁጥሮችን አይደባልቁ። ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር የሚነጻጸረው አንድ ነው፤ የ12 ወራት ተንከባላይ አማካይ ሌላ ነው፤ ካለፈው ወር ጋር የሚነጻጸረው ሦስተኛው ነው። ተንከባላዩ አማካይ ዘግይቶ ስለሚወርድ ሁልጊዜ የኋላውን ይናገራል። ገበያው ዛሬ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚጠቁመው የወሩ ለውጥ ነው፤ እሱም ቢሆን በኅዳርና በታኅሣሥ በምርት ምክንያት ስለሚወርድ፣ በክረምት ደግሞ ስለሚወጣ፣ በአንድ ወር አይወሰን። ምግብ ነክ ያልሆነውን ለብቻው ያንብቡ፤ የእርስዎ ቤት ያለው እዚያ ነው።

ስለ ኪራዩ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መሆን አለበት፤ አከራዩም ጭማሪ የሚያደርገው ተቆጣጣሪው አካል በሚፈቅደው መጠን ነው እንጂ እንደፈለገ አይደለም። ውላችሁ ተመዝግቧል?

የጎሮዋ | ነሐሴ 24 ቀን 2017

በወረዳው አስመዝግበን ነበር፤ ነገር ግን በተመዘገበው ወረቀት ላይ የሰፈረው 6,000 ብር ነው፤ የቀረውን በእጅ ነው የምንከፍለው። አከራያችን ይህን እንደ ውለታ ነው የሚቆጥረው።

እህል በረንዳ | ነሐሴ 24 ቀን 2017

እንግዲህ ስታቲስቲክሱም ያን 6,000 ብር ጽፎት ይሆናል፤ የኔም ሱቅ ኪራይ እንደዚሁ ነው።

ሚዛን | ነሐሴ 24 ቀን 2017

ዋጋ ሰብሳቢው የሚጠይቀው ነዋሪውን እንጂ የወረዳውን መዝገብ አይደለም፤ ሰው የሚከፍለውን በትክክል ከነገረው ይመዘገባል። እህቴ፣ ሌላ ጭማሪ ከመክፈልዎ በፊት ወረዳው ውስጥ ያለውን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። በእጅ ለከፈሉት ደረሰኝ እንደማይኖር እገምታለሁ፤ ከአሁን በኋላ ያለውን ግን በባንክ ያስገቡ።